ያልቀመሰው ቀጂ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ከወለድሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እሱንም አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ ተውሁት። ቃል ሲጠፋኝ እንደማወራው አድርጌ እጽፈዋለሁ። የተማረ ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። የምጽፈው ስለ ጎረቤታችን ስለ ሰጠኝ ነው። እሱ ስለ ራሱ የሚያወራ ሰው አይደለም። ሚስቱ ሰርካለም ከነገረችኝና ከሱ ከራሱ በስንት ልመና ካወጣሁት ነው የገጣጠምሁት። ሌላ የሚጽፍለት ቢኖር እኔ ባልደፈርሁ።

ሰጠኝ ድራፍት ቀጂ ነው። ጎንደር ከተማ፣ ወይዘሮ መንበረ የምትባል ሴት መጠጥ ቤት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ ቀድቷል። ድራፍት መቅዳት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ቧንቧውን ሳብ፣ ብርጭቆውን ሞላ፣ አለቀ። እንዲህ አይደለም። ብርጭቆው ታጥቦ እርጥብ እንዳለ ይያዛል። ዘንበል ይላል። ቢራው የብርጭቆውን ጎን እየታከከ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሊሞላ ሲል ቀና ይደረግና ሁለት ጣት የሚሆን አረፋ ይቀመጥበታል። አረፋው ካነሰ ቢራው ቶሎ ይሞታል፤ ከበዛ ደግሞ ጠጪው «አረፋ ነው እንዴ የምታጠጣኝ?» ብሎ ይጣላል። ሰጠኝ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀዳዋል። መሙላቱን በድምፁ ያውቀዋል።

ግን አይጠጣም።

ድሮ ይጠጣ ነበር። ይጠጣ ነበር ማለትም አይበቃም፤ መጠጡ ነበር እሱን የሚጠጣው። ሲቀዳ ውሎ ሲጠጣ ያድራል። ካቻምና በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ወደ ቀሐ ወንዝ ሲወርዱ እሱም ወረደ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ አድሮ ሲነጋ ወንዙ ዳር ሣር ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ልጁ ልዕልት ያኔ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ነጭ ለብሳ እየዘመረች በዚያ በኩል መጣች። አየችው። እሱም አያት፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና፣ መንገድ ላይ የወደቀ የማታውቀውን ሰው እንደምታልፍ፣ ዞራ አለፈችው። መዝሙሩን እንኳ አላቋረጠችም። ቤት ገብታም ምንም አላለች። ብትቆጣው፣ ብታለቅስበት ይሻለው ነበር።

ሰጠኝ በማግሥቱ ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ዳግመኛ ላይጠጣ ተሳለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰም።

ችግሩ እንጀራው እዚያው ነው። ሌላ ሙያ አያውቅም። ማታ ማታ ወይዘሮ መንበረ ቤት ቆሞ ለሰው ይቀዳል፤ ሽታው ልብሱ ውስጥ ገብቶ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። ሞቅ ያለው ሁሉ «ሰጠኝ! አንዷን በኔ!» ይለዋል። እውነቱን መናገር ያፍራል። ትቻለሁ ቢል «አንተ? መቼ ልትመለስ?» ብለው እንደሚስቁበት ያውቃል። ስለዚህ «ሆዴን አሞኛል» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዱን እንዳመመው ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ ሆድህ ጡረታ አይወጣም?» ይሉታል። ይስቃል፤ ይቀዳል። ሰርካለም ግን አንድ ቀን እንዲህ አለችው፦ «እሳት ዳር የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን ብልጭታ ያርፍበታል። ከዚያ ቤት ውጣልኝ።»

መውጫው የመጣው ካላሰቡት በኩል ነው። ከጥምቀት ወዲህ፣ ጾም ሳይገባ፣ ጎንደር የሰርግ አገር ናት። አሁን አሁን ሰው ሰርጉን በቤቱ ሲደግስ በርሜል ድራፍት ማስመጣት ጀምሯል፤ በርሜሉ ይመጣል፣ የሚቀዳው ግን አይገኝም። ወይዘሮ መንበረ አዲስ ማሽን ስታስገባ አሮጌዋ ጥግ ላይ ተጥላ ነበር። ሰጠኝ ስንት ቀን ፈርቶ፣ ስንት ቀን አፉን ከፍቶ ዘግቶ፣ በመጨረሻ «በየሰርጉ እየዞርሁ ልቅዳባት» ብሎ ጠየቃት። እሷም ሰው አዋቂ ናትና እንዲህ አለችው፦

«ውሰዳት። እሑድ መለሰ ቤት ሰርግ አለ፤ ቀጂ ፈልጉልኝ ብሎኛል፤ እዚያ ሞክራት። ከሆነልህ ሰኞ ጠዋት ንገረኝ፣ በቦታህ ሌላ ሰው ልተካ። ካልሆነልህ ሰኞ ማታ ቧንቧህ ላይ እንዳገኝህ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ያች እሑድ ከተሳካች በቀን የሚሠራ ሥራ፣ በሰው ቤት፣ በደስታ ቦታ፣ ሲመሽ ከልጁ ጋር። ካልተሳካች ወደዚያው ሽታ።

መለሰ ሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የተማረ ሰው ነው። ቤቱ ፀዳ የሚባለው ቦታ ነው። የሚድራት የመጀመሪያ ልጁን ነው። «ጠላ የለም፣ ጋን ማጠብ የለም፣ ሁሉም ድራፍት ይጠጣል» ብሎ ወሰነ። ሰጠኝ ቅዳሜ ከሰዓት በርሜሎቹን በባጃጅ አስመጣ። የፀዳ መንገድ እንደሚታወቀው ነው፤ የተንገጫገጨ በርሜል ያን ቀን ቢከፈት አረፋ እንጂ ቢራ አይወጣውም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ጥላ ቦታ አስቀመጣቸው፤ እርጥብ ጆንያ አለበሳቸውና «እንዳትነኳቸው፣ ይረፉ» ብሎ ለቤቱ ሰው ሁሉ ተናገረ። እሑድ በማለዳ ከሰርካለም ጋር መጡ። በረዶ ሞሉ፤ ጋዙን አገናኙ፤ ብርጭቆ አጠቡ። ሰጠኝ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል።

ወደ ሰባት ሰዓት ላይ የሙሽራው ወገን ደረሰ። ከዳባት በላይ ካለ ገጠር በሁለት አውቶቡስ ነው የመጡት። ከፊት የሙሽራው አያት አያ ሰውአገኝ ናቸው፤ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ሽበታቸው አምሮባቸው። ዳሱ ውስጥ ዋናው ቦታ ተሰጣቸው። ከፊት ለፊታቸው፣ ዐሥር እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ሰጠኝ ከማሽኗ ኋላ ቆሟል።

የመጀመሪያውን ብርጭቆ ቀዳ። አረፋ ብቻ ነው፤ በቱቦው ውስጥ የቆየው መጀመሪያ እንዲያ ሆኖ ነው የሚወጣው። መሬት ላይ ደፋው። ሁለተኛውም ግማሹ አረፋ ሆነ፤ ደፋው። ሦስተኛው እንደ መስታወት ጠርቶ ወጣ። ሰርካለም በትሪ ይዛ ለአያ ሰውአገኝ አቀረበች፤ ከዚያ ለሌሎቹ አደረሰች። አርባ የሚሆን ብርጭቆ ተደረደረ።

አያ ሰውአገኝ ብርጭቆውን አዩት። አላነሱትም። እሳቸው ሳያነሱ ማን ያነሳል? አርባው ሰው ቁጭ ብሎ ብርጭቆ ያያል።

መለሰ ሮጦ መጣ። «ምነው አያ፣ አልጠማዎትም?»

«ጠምቶኛል እንጂ። ከዳባት ድረስ አቧራ ስቅም ነው የመጣሁ።»

«ታዲያ ይጠጡዋ!»

«አይ ልጄ። ቀጂህ ሁለት ብርጭቆ መሬት ላይ ሲደፋ አየሁት። ሦስተኛውን ለኔ ሰደደው። እሱ ግን ጠብ አላደረገም። በኛ አገር ቀጂ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ያጠጣል። ለምድር አቅምሶ ለሰው የሚሰጥ ቀጂ ዛሬ ገና አየሁ።»

«አያ፣ ይህ እኮ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ነው።»

«ሲያሽጉት አንተ ነበርህ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። መለሰ ግን አልሳቀም፤ ጆሮው ቀልቶ ወደ ሰጠኝ መጣና ጥርሱን ነክሶ፣ «አንዴ ቅመስና ገላግለኝ» አለው።

ሰጠኝ የለመደው ቃል ነው የወጣለት። «ሆዴን... ሆዴን አሞኛል።»

ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ከአማቾቹ አንዷ ሰማች። «ሰማችሁ? ቀጂውን ሆዱን አሞታል አሉ!»

«ምነው፣ ከዚሁ ቀምሶ ይሆን እንዴ?» አለ አንዱ።

«ይኸው እንግዲህ! ምድሩንስ አላመመው?» አለ ሌላው፤ ዳሱ ግማሹ በሳቅ፣ ግማሹ በጉርምርምታ ተሞላ። ብርጭቆውን ከፊቱ ገፋ ያደረገም አለ።

ሰርካለም ትሪዋን አስቀምጣ «እኔ ልቅመስላችሁ፤ ሚስቱ ነኝ» ብላ አንድ ብርጭቆ አነሳች። አያ ሰውአገኝ እጃቸውን አወዛወዙ። «አንቺማ አቅራቢ ነሽ ልጄ። የሚቀምሰው የቀዳው እጅ ነው። እኛ ያደግንበት ወግ ነው፤ አንቺን ንቄ አይደለም።»

ሰጠኝ ቢራው ሲሞት ይሰማው ነበር። ሌላ ሰው አይሰማውም፤ እሱ ግን የአርባ ብርጭቆ አረፋ ሽው እያለ ሲወርድ ይሰማዋል። መለሰ አጠገቡ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። «አንድ ጉንጭ ናት አንተ ሰው! በልጄ ሰርግ አታዋርደኝ!»

ሰጠኝ አንድ ብርጭቆ ቀዳ። አነሳው። አረፋው ከንፈሩን ነካው። ሽታው ሁለት ዓመት ሙሉ በር ላይ ቆሞ እንደጠበቀው ወዳጅ መጣበት። አንድ ጉንጭ። ለሌላው ሰው አንድ ጉንጭ አንድ ጉንጭ ናት። ለሱ ግን አንድ ጉንጭ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ከአንዷ ኋላ ሌሊቱ በሙሉ ተሰልፎ ነው የሚመጣው። ሰርካለም አየችው። እጇ ነጠላዋን ጨብጧል።

ብርጭቆውን አስቀመጠው። ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ። ከማሽኗ ኋላ ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ሰው አልፎ፣ አያ ሰውአገኝ አጠገብ በርከክ አለና ጆሯቸው ላይ አንሾካሾከ።

«በዚያ በኩል አትድከም» አሉት። «የግራ ጆሮዬ ከሄደ ቆይቷል። በዚህ በኩል ና።»

በቀኙ ዞረ። አንሾካሾከ።

«አልሰማሁህም! ምን እንደ ጫጩት ትላለህ? ወንድ አይደለህም? ጮህ በል!»

ሰጠኝ ብድግ አለ። በሕይወቱ ሰው መሀል ጮኾ አያውቅም። ግን አሁን ካልተናገረ መቼም አይናገርም።

«ሰካራም ነበርሁ አያ!» አለ። «ተሳልሁና ተውሁ። ሁለት ዓመት አለፈኝ። አንድ ጉንጭ ከቀመስሁ መመለሻ የለኝም። ቢራው ምንም የለበትም፤ የደፋሁት አረፋ ስለሆነ ነው። እንከኑ ያለው እኔ ላይ ነው!»

ኦርጋን ተጫዋቹ እንኳ ጣቱን ከኦርጋኑ አነሳ። ሰጠኝ መሬት መሬት ያያል። ሰው ሲስቅበት ለመስማት ነው የቆመው። ግን ሳቅ አልመጣም።

«ታዲያ ሆዴን ነው ብለህ ምን አስዋሸህ?» አሉት አያ ሰውአገኝ።

«አፍሬ ነው።»

«የሚያፍርስ የሚሰክረው ነው፤ የተወው ምን ያሳፍረዋል?» ቀጥለው ወደ መለሰ ዞሩ። «አንተስ የተማርህ ሰው፣ ባለ ስለቱን ልታስቀምሰው ነበር?»

«አላወቅሁም አያ፣ እግዜር ያውቃል።»

«እኔም አላወቅሁ። ስለዚህ ሁለታችንም በደለኞች ነን።» ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። «በል ልጄ፣ ና። ቀጂ ከሆነ የሚቀምሰው፣ እኔ እቀዳለሁ። አሳየኝ።»

ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። አያ ሰውአገኝ ማሽኗ ፊት ቆሙ። አንድ ብርጭቆ አንስተው ቀጥ አድርገው ያዙና ቧንቧውን እንደ በሬ ገመድ ጎተቱት። አረፋው ፈንቅሎ ወጥቶ እስከ ክንዳቸው አጠባቸው።

«አያ፣ ልብስ እያጠቡ ነው እንዴ?» አለች አንዷ የሙሽሪት ዘመድ። አሁን ሳቁ የደስታ ሳቅ ሆነ።

ሰጠኝ እጃቸውን በእጁ ያዘ። «ዘንበል ያድርጉት አያ። ላም ሲያልቡ ጮጮውን አያዘነብሉትም? ጎኑን ይዞ ይውረድ።»

«ወተት ነው በለኝ እንጂ! ምነው ቀድመህ አትነግረኝም?» አዘነበሉ። ቢራው እየጠራ፣ እንደ ወርቅ እያበራ ወረደ። ሊሞላ ሲል ሰጠኝ «አሁን ቀና» አላቸው፤ ቀና አደረጉት፤ ሁለት ጣት አረፋ ቁጭ አለበት። ሽማግሌው ያዩታል፤ በእጃቸው የሠሩትን ነገር እንደሚያይ ልጅ ያዩታል። መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ላሱ። ከዚያ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉ። ጢማቸው ነጭ በነጭ ላይ ሆነ። ሰው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

«ጌሾው ሸጋ ነው» አሉ። «ማር ረስተውበታል እንጂ ጠጅ ይወጣው ነበር። ጠጡ!»

የዚያን ጊዜው እልልታ አይነገርም። ሰጠኝ ግን «ያ ሞቷል፣ አትጠጡት» ብሎ አርባውን ብርጭቆ አስመለሰና እንደገና ቀዳ። በስተኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ አማቾቹ ሁሉ መቅዳት አማራቸው። ወረፋ ያዙ። አንዱ ይቀዳል፣ ይቀምሳል፣ ለሙሽሪት አጎት ያጠጣል፤ የሙሽሪት አጎት ደግሞ መልሶ ሊቀዳለት ይነሳል። ሰጠኝ መሀላቸው ቆሞ «ዘንበል! ቀና! ጋዙን አትንካ!» እያለ ይጮሃል። ራሱ ሲጮህ ሰምቶ ሳይገርመው አልቀረም። መለሰም መጣና ትከሻውን ጫን አድርጎ ያዘው። ሰጠኝ ይቅርታውን ያወቀው በእጁ ክብደት ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አያ ሰውአገኝ አውቶቡስ ሊሳፈሩ ሲሉ ሰጠኝን አስጠሩት። «መጠጡን አንተ እንደተውኸው፣ እሱም አንተን ይተውህ» ብለው መረቁት፤ አሜን አለ።

ቤት ሲገቡ ሰርካለም የሆነውን ሁሉ ለልዕልት ነገረቻት። ልዕልት ስለ ሰርጉ፣ ስለ ሙሽሪት ልብስ አልጠየቀችም። «ጮኾ ነው የተናገረው? ሰው ሁሉ እየሰማ?» ብላ ብቻ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጠየቀች። ሦስት ጊዜም «አዎ» ተባለች። ሰጠኝ ደጅ ሆኖ ቱቦውን በሙቅ ውሃ እያጠበ ይህን ሁሉ ይሰማ ነበር። ልጅቱ ሳትጠራ ወጥታ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ያዘችለት።

በማግሥቱ ሰኞ፣ ሰጠኝ በጠዋት ተነስቶ ለወይዘሮ መንበረ ደወለና «ቦታዬን ለሌላ ስጪው» አላት። «እሰይ፣ የኔ ልጅ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ አዘዞ ሄደ። ትርንጎ የምትባል፣ የመለሰ የሥራ ባልደረባ፣ በሚመጣው ሳምንት ልጇን ክርስትና ታስነሳለች፤ ሰርጉ ላይ ባትገኝም ስልክ ቁጥሩን ከመለሰ ወስዳ ማታውኑ ጠርታዋለች። በሩን ስትከፍትለት፣ ገና ግባ ሳትለው፣ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ፣ «እኔ ድሮ እጠጣ ነበር፤ ተስዬ ትቻለሁ፤ ስለዚህ አልቀምስም። የሚቀምስ ሰው ከቤታችሁ ምረጡልኝ፤ መቅዳቱን አስተምረዋለሁ» አላት።

ትርንጎ ትንሽ አየችው። «ባሌ አለልህ» አለች። «እሱ መቅመስ ታክቶት አያውቅም።»

ሁለቱም ሳቁ። ሰጠኝ ወደ ግቢው ገባ። ለበርሜሉ የሚሆን ቦታ ፈልጎ የአንድ ዛፍ ጥላ ጫፍ ላይ ዱላ ተከለና፣ ጥላው ቀትር ላይ የት እንደሚደርስ ለማየት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ።